እናቴ በፖስታ የመጣላትን የሰገራ መመርመሪያ ብታደርግ ይበቃታል ወይስ ኮሎኖስኮፒ የግድ ነው?

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እናቴ 61 ዓመቷ ነው። ከደሴ ከመጣች አራት ዓመቷ ሲሆን ሆቴል ውስጥ ትሠራለች። ባለፈው ሳምንት ከኢንሹራንሷ አንዲት ትንሽ ሳጥን በፖስታ መጣች፤ ሰገራ ተወስዶ ተመልሳ የምትላክ ናት፣ ለአንጀት ካንሰር ምርመራ ይላል። እናቴ ‹ምንም ያላመመኝ ሰው ምን ብዬ እመረመራለሁ? ደግሞ እኔ ያለብኝ ኪንታሮት ነው› ብላ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተተቻት። እህቴ ደግሞ ‹ኮሎኖስኮፒ ካልሆነ ዋጋ የለውም› ትላለች። እውነት ዋጋ የለውም? አሁን ፍልሰታን እየጾመች ነው፣ አስፒሪንም ትወስዳለች፤ ያበላሸዋል? ፖዘቲቭ ቢሆንስ ምን እናደርጋለን?»

መልስ፦ እህቴ፣ ዋናውን ላስቀድም። ዋጋ አለው። ጾሙም አስፒሪኑም አያበላሸውም። ነገር ግን ሳጥኗ ከመከፈቷ በፊት እናትሽ፣ አንቺና እህትሽ ተቀምጣችሁ በአንድ ነገር እንድትስማሙ እለምናችኋለሁ፤ ውጤቱ ፖዘቲቭ ከመጣ ኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ትልቁን አንጀት ከውስጥ የማየት ምርመራ፣ ይደረጋል። የሰገራው ምርመራ ብቻውን ማንንም አላዳነም፤ ሰው የሚድነው ቀጥሎ በሚደረገው ነው። የጨጓራና አንጀት ሐኪም ሆኜ ስሠራ ልቤን የሰበሩት ታሪኮች አብዛኞቹ የተፈጠሩት በእነዚህ በሁለቱ መሃል ነው፤ አንዱን ወደ ታች እነግርሻለሁ።

መጀመሪያ ግን ሳጥኗ ለእናትሽ የምትሆን መሆኗን እናረጋግጥ። ይህ ምርመራ የተዘጋጀው ምንም ምልክት ለሌለው ሰው ነው። «ምንም ያላመመኝ ሰው» ማለታቸው እንግዲህ ራሱ የመመርመሪያው ምክንያት ነው። የትልቁ አንጀት ካንሰር በአብዛኛው የሚጀምረው ፖሊፕ ከምንላት፣ ከአንጀት ግድግዳ ላይ ከምትበቅል ትንሽ እብጠት ነው። ወደ ካንሰር እስክትለወጥ አሥር ዓመት ገደማ ይፈጃል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ አታምም፣ አትቆርጥም፣ የምግብ ፍላጎት አትዘጋም። አልፎ አልፎ በዓይን የማይታይ ደም ታንጠባጥባለች። ካንሰሩ ገና ከአንጀት ሳይወጣ ከተገኘ ከ10 ሰው 9ኙ ከአምስት ዓመት በኋላም በሕይወት አሉ። ወደ ጉበትና ወደ ሳንባ ከተሠራጨ በኋላ ግን ከ100 ወደ 15 ይወርዳል።

ያሳሰበኝ የኪንታሮቱ ነገር ነው። ቀስ ብለሽ፣ ወንድ በሌለበት፣ ጠይቂልኝ፤ ደም ያያሉ ወይ? በወረቀቱ ላይ? ከሰገራው ጋር ተቀላቅሎ? እናቶቻችን ደም እያዩ «ኪንታሮት ነው» ብለው ዓመት ሙሉ ዝም ይላሉ፤ ያለ ምርመራ ኪንታሮት ነው ያለው ግን ማን ነው? የሚያዩ ከሆነ ሳጥኗን ተዪያትና በቀጥታ ከሐኪም ቀጠሮ ያዢላቸው። ክብደታቸው ያለ ምክንያት ከቀነሰ፣ የሰገራ ልማዳቸው ሰሞኑን ከተለወጠ፣ ወይም ሐኪም «አይረን አንሶሻል፣ ደም ማነስ አለብሽ» ብሏቸው ምክንያቱ ካልታወቀም እንደዚያው። ምልክት ያለው ሰው የሰገራ ምርመራው ነጌቲቭ ቢሆን እንኳ አይጽናና።

ሁለተኛው ጥያቄ የቤተሰብ ነው። እናታቸው፣ አባታቸው፣ ወንድም ወይም እህታቸው የአንጀት ካንሰር ኖሮበት ያውቃል? በእኛ አገር መልሱ ብዙ ጊዜ «ሆዱን አሞት ሞተ» ነው። እዚያ ላይ አትቁሚ። ስንት ዓመቱ ነበር? ከስቶ ነበር? ደም ይወጣው ነበር? ሆዱ ተነፍቶ ኦፕራሲዮን ተደርጎ ነበር? ደሴ ያሉትን አክስት ደውሎ መጠየቅ ያዋጣል። በቅርብ ዘመድ ላይ በተለይ ከ60 ዓመት በፊት ከታየ፣ ወይም እናትሽ ራሳቸው ከዚህ በፊት ፖሊፕ ወጥቶላቸው ከሆነ፣ ወይም የቆየ የአንጀት ቁስለት በሽታ ካለባቸው፣ የእሳቸው መንገድ ከመነሻው ኮሎኖስኮፒ ነው።

ከእነዚህ አንዱም ከሌለ ሳጥኗ የእሳቸው ናት።

እናትሽ የሰገራ ምርመራ ሲባል የሚያውቁት አንድ ነገር ነው፤ ጤና ጣቢያ ሄዶ በትንሽ ዕቃ ሰጥቶ፣ በማይክሮስኮፕ ታይቶ «አሜባ ነው»፣ «ጃርዲያ ነው» መባል። ስለዚህ ሆዱን ላልቆረጠው ሰው ትርጉም አይሰጥም። ይኼኛው ግን አሜባም ወስፋትም አይፈልግም። የሚፈልገው የሰው ደም ነው፤ ኤፍ.አይ.ቲ ይባላል፣ በሰው ሄሞግሎቢን (በደሙ ቀይ ንጥረ ነገር) ላይ ብቻ የሚጣበቅ አንቲቦዲ ይጠቀማል። ስለዚህ ጥሬ ሥጋ የበላ ሰው እንኳ በበሬው ደም አይሳሳትም። ድሮ የነበረው የካርድ ምርመራ የሥጋን ደምም ይለይ ስላልነበረ «ለሦስት ቀን ሥጋ አትብሉ፣ ቫይታሚን ሲ አትውሰዱ» ይባል ነበር። ብዙ ሰው ዛሬም ያንን እየሰማ ይፈራል። በኤፍ.አይ.ቲ የተለየ ምግብ የለም፣ ጾምም አይነካውም። አስፒሪኑንም ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳያቆሙት፤ ለልብ የታዘዘ አስፒሪን ለዚህ ተብሎ አይቋረጥም።

አሁን ወደ እህትሽ። የተናገረችው ከደግነት መሆኑን አውቃለሁ፤ ኮሎኖስኮፒ ፖሊፑን አይቶ በዚያው ቀን ያወጣዋል፣ ንጹሕ ከሆነ ለአሥር ዓመት ያሳርፋል። አንድ ጊዜ የተደረገ ኤፍ.አይ.ቲ ይህን አይተካም። በ2014 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአሜሪካ አቆጣጠር ናቸው) የታተመ፣ ወደ 10,000 ሰዎች የተመረመሩበት የአሜሪካ ጥናት አለ። አንድ ኤፍ.አይ.ቲ ካንሰር ካለባቸው 100 ሰዎች 74ቱን ያህል አገኘ፤ ካንሰር ሊሆኑ ከሚችሉ ትልልቅ ፖሊፖች ግን 24 በመቶውን ብቻ ነው ያገኘው። በማስታወቂያ የምታዩት ኮሎጋርድ፣ የዘር ቅንጣትንም የሚያየው፣ ካንሰሩን 92 በመቶ፣ ትልልቅ ፖሊፖችን 42 በመቶ አገኘ፤ ነገር ግን ምንም የሌለበትን ሰው በስህተት «ፖዘቲቭ» የማለቱ ነገር ከኤፍ.አይ.ቲ በሁለት እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ አንድ ጊዜ የተደረገ ኤፍ.አይ.ቲ ካንሰር ካለባቸው አራት ሰዎች አንዱ ሊያመልጠው ይችላል ማለት ነው። ታዲያ ለምን ዋጋ አለው እላለሁ?

ምክንያቱም በየዓመቱ ይደገማል። ፖሊፕ ዛሬ ባይደማ በሚቀጥለው ዓመት ሊደማ ይችላል፤ ዘንድሮ ትንሽ የነበረ ከርሞ ይተልቃል። አሥር ዓመት ጊዜ እንደሚወስድ ከላይ ብያለሁ፤ በዚያ ውስጥ በየዓመቱ የሚጠይቅ ምርመራ ለመያዝ ብዙ ዕድል ያገኛል። በሚኒሶታ ተደርጎ በ1993 የታተመው ሙከራ ከኤፍ.አይ.ቲ እጅግ ደካማ በሆነው በዚያ በድሮው ካርድ ነው የተሠራው፤ በየዓመቱ የተመረመሩት ሰዎች በአንጀት ካንሰር የመሞታቸው መጠን በ33 በመቶ ቀነሰ። ስፔን ውስጥ ደግሞ 57,404 ሰዎች ግማሾቹ አንድ ጊዜ ኮሎኖስኮፒ፣ ግማሾቹ በየሁለት ዓመቱ ኤፍ.አይ.ቲ እንዲያደርጉ ተጋብዘው አሥር ዓመት ተከታተሏቸው። ውጤቱ በ2025 ወጣ። በአንጀት ካንሰር የሞቱት ከኮሎኖስኮፒው ወገን 0.22 በመቶ፣ ከኤፍ.አይ.ቲው ወገን 0.24 በመቶ ናቸው፤ ይህን ያህል ተቀራረበ። አንዱ ምክንያት ለኤፍ.አይ.ቲ ከተጋበዙት ብዙ ሰው እሺ ማለቱ ነው፣ 40 በመቶ ገደማ፤ ለኮሎኖስኮፒ ከተጋበዙት 32 በመቶ ገደማ ብቻ መጣ።

በሰሜን ካሊፎርኒያ የካይዘር ፐርማነንቴ (የራሱ ሆስፒታሎች ያሉት የጤና ኢንሹራንስ ድርጅት) አባላት ዘንድ የሆነውም ይህንኑ ያሳያል። ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ኮሎኖስኮፒ ላላደረገ አባል ሁሉ በየዓመቱ ሳጥን ወደ ቤቱ መላክ ጀመሩ። በ2000 ምርመራውን በጊዜው ያደረገው ሰው 39 በመቶ ነበር፤ በ2015 83 በመቶ ደረሰ፣ በበሽታው የሚሞተው ሰው ከግማሽ በላይ ቀነሰ። እንግሊዝ አገር ዘመድ ካላችሁ ጠይቁ፤ ከ50 እስከ 74 ዓመት ላለው ሰው ሁሉ መንግሥት በየሁለት ዓመቱ የሚልከው ይህችኑ ሳጥን ነው። እህትሽን እንዲህ በያት፤ እናታችን ኮሎኖስኮፒ ዛሬ እሺ ካሉ በጣም ጥሩ፣ ሳጥኗን እናስቀምጣት። እሺ ካላሉ፣ ኮሎኖስኮፒን እየጠበቁ ምንም ሳያደርጉ አምስት ዓመት መቆየት ከሁሉም የከፋ ነው።

ስለ አሰባሰቡ። ኪቶች (የመመርመሪያ ሳጥኖቹ) ስለሚለያዩ ወረቀቱን አንብቡ፤ በብዛት የምትመጣው ግን ከጣት ብዙም የማትበልጥ፣ ውስጧ ጥቂት ፈሳሽ ያላት የፕላስቲክ ብልቃጥ ናት። ክዳኗ ሲከፈት ቀጭን ዘንግ ተያይዞ ይወጣል፤ ጫፉ እንደ ብሎን ጥርስ ጥርስ አለው። እናትሽ መጀመሪያ ሽንታቸውን ይሽኑና ውኃ ይልቀቁበት። ከዚያ አብሮ የመጣውን ስስ ወረቀት በሽንት ቤቱ ውኃ ላይ ይዘርጉትና እዚያ ላይ ይቀመጡ፤ ሰገራው ውኃ ውስጥ መግባት የለበትም። በዘንጉ ጫፍ ከላይ ከላይ፣ ከተለያየ ቦታ አምስት ስድስት ጊዜ መፋቅ ነው። ጥርሶቹ መሃል የቀረችው ትበቃለች፤ ብዙ ዝቆ መክተት ፈሳሹን ያበላሻል። ዘንጉን ወደ ብልቃጡ መልሶ ቀጭ እስኪል መዝጋት፣ ከዚያ አለመክፈት። እጃቸው ሰገራውን አይነካም። «ነውር ነው» የሚሉት እንዲህ ተነካክቶ የሚላክ መስሏቸው ከሆነ ብልቃጧን ባዶዋን ከፍተሽ አሳያቸው፤ እኔ ክሊኒክ ውስጥ ይህን ሳደርግ ፊታቸው ሲፈታ አያለሁ። አንቺም መግባት የለብሽም፣ ብቻቸውን ይጨርሱታል።

ናሙና ከሚጣልባቸው ምክንያቶች አንዱ የእኛን ሰው በተለይ ይነካል። ብልቃጧ ላይ ስም፣ የልደት ቀንና ናሙናው የተወሰደበት ቀን ይጻፋል። እናትሽ «ነሐሴ 6» ብለው ቢጽፉ ላቦራቶሪው አያውቀውም፤ በአሜሪካ አቆጣጠር ወር ቀድሞ ቀን ይከተል። የልደት ቀኑም ኢንሹራንሱ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት፤ ብዙ እናቶች ፓስፖርታቸው ላይ ያለውና እሳቸው የሚያውቁት ቀን ይለያያል። የምትጽፊው ካርዱ ላይ ያለውን ነው። ቀኑ ያልተጻፈ ናሙና ይጣላል፤ ሰው ግን ልኬያለሁ ብሎ ይቀመጣል።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። አሁን ነሐሴ ነው፤ ሄሞግሎቢን በሙቀት ይፈርሳል፣ የፈረሰ ደም ደግሞ ነጌቲቭ ያስመስላል። ብልቃጧን ፀሐይ የሚመታው የፖስታ ሳጥን ውስጥ ወይም መኪና ውስጥ እንዳትተዋት። ጠዋት ወስደሽ ፖስታ ቤት ውስጥ አስረክቢ፤ ዓርብ ማታ ወይም በበዓል ዋዜማ አትላኪ። የግድ ካደረች፣ በሁለት ፌስታል ታስራ ፍሪጅ ውስጥ ብትቀመጥ ጥሩ ነው፤ ከእንጀራው ጋር አላሳድርም ካሉ ደግሞ በዚያው ቀን መላክ ነው። «ፍልሰታን ልጨርስና» ካሉም አትከራከሪያቸው። ምልክት ለሌለው ሰው ሁለት ሳምንት ምንም አይለውጥም፤ የሳጥኗን ማብቂያ ቀን ብቻ እዪ። ደሙን ሐኪም አይቶ ኪንታሮት መሆኑን ካረጋገጠም፣ በሚደማበት ሳምንት ናሙና አይውሰዱ፤ ቆሞ ሦስት ቀን ሲያልፈው ይሁን።

ፖዘቲቭ ቢሆንስ? ካንሰር ነው ማለት አይደለም። ከላይ የጠቀስኩት ካይዘር ፖዘቲቭ የወጣላቸውን 70,124 ሰዎች ተከታትሎ ነበር፤ ካንሰር የተገኘባቸው ከ100 ሰው 3 ገደማ ናቸው። ከቀሩት ብዙዎች ላይ ፖሊፕ ይገኛል፣ እሱም በዚያው ይወጣል፤ ሌሎቹ ላይ ኪንታሮት ወይም ምንም። ግን ከእነዚህ የትኛው እንደሆኑ የሚያውቀው ኮሎኖስኮፒው ብቻ ነው። በዚያው ጥናት አሥር ወርና ከዚያ በላይ በዘገዩት ላይ ካንሰር፣ የገፋ ካንሰርም፣ በወሩ ካደረጉት ይልቅ በብዛት ተገኝቷል። እኔ በሦስት ወር ውስጥ እንዲያልቅ እገፋፋለሁ።

ቃል የገባሁልሽ ታሪክ ይህ ነው። ታክሲ የሚነዳ የአገራችን ሰው፣ በሃምሳዎቹ መጨረሻ ያለ። ሳጥኗን አደረጋት፣ ፖዘቲቭ መጣ። የሚከታተልበት ክሊኒክ «ኪንታሮት ስላለብህ ይሆናል፣ ድጋሚ እናድርገው» አለው። ድጋሚው ነጌቲቭ ወጣ፤ ደስ አለው፣ ቤተሰቡም ተመስገን አለ። ከ14 ወር በኋላ እኔ ዘንድ ሲመጣ ፊቱ ገርጥቶ ደረጃ መውጣት አቅቶት ነበር። ዕጢው በቀኝ በኩል ባለው አንጀት ውስጥ ነበር፤ ትልቅ ሆኗል። ቀደም ሲል ያልኩሽን አስታውሺ፤ ዛሬ የደማ ነገ ላይደማ ይችላል። የመጀመሪያው ውጤት ትክክል ነበር። ሁለተኛው ያየው ዕጢው ያልደማበትን ቀን ነው። ፖዘቲቭን በሌላ የሰገራ ምርመራ መሻር አይቻልም፤ ማንም «እንድገመው» ቢላችሁ፣ ሐኪምም ቢሆን፣ «ኮሎኖስኮፒ ይጻፍልን» በሉ። እሱ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፣ ኪሞም ወሰደ፤ ዛሬም እየተከታተልኩት ነው። ያ 14 ወር ግን ሊኖር የማይገባው ነበር።

እናትሽ ልጅ ሳሉ ሐይቅ ወይም ከሚሴ አካባቢ ወንዝ ወርደው ከሆነ ቢልሃርዚያም አንጀት ሊያደማ ይችላል፤ ለሐኪሙ ይነገረው፣ በቀላሉ ይታከማል። እሱም ቢሆን ኮሎኖስኮፒውን አይተካም።

ዝግጅቱ ከምርመራው ይልቅ ያስቸግራል፤ ምርመራውን ተኝተው ነው የሚያልፉት። የሚሰጣችሁ ወረቀት «ፍሬና ቆዳ ያለው ነገር አትብሉ» ይላል፣ የእኛን ማዕድ ግን አያውቅም፤ ስለዚህ እኔ ልንገርሽ። ከቀኑ በፊት ባሉት ሦስት ቀናት እንጀራ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ተልባ፣ ሱፍ፣ ሰሊጥ፣ ጎመን ይቅሩ፤ አንጀት ላይ ተለጥፈው ፖሊፕ ይሸፍናሉ። ነጭ ሩዝ፣ ነጭ ዳቦ፣ ፓስታ በዘይት፣ የተላጠ ድንች ይበላል፤ ሁሉም የጾም ስለሆኑ ጾም መፍታት አያስፈልግም። በዋዜማው ግን የሚጠጣ ብቻ ነው፤ ወተት የሌለው ሻይ፣ የጠራ የፖም ጭማቂ፣ የተጠለለ ሾርባ፣ ቀይ ቀለም የሌለው። ጾም ላይ ከዋለና አንጀት ከሚያጥበው መድኃኒት ጋር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አልጠጣም ካሉ፣ የንስሐ አባታቸውን አስቀድመው ያማክሩ ወይም ቀኑ ይቀየር፤ መድኃኒቱ ስለሚያስቀምጥ ብዙ ውኃ ካልተጠጣበት ሰውነት ያደርቃል። የመድኃኒቱ ግማሽ ማታ፣ ግማሹ በዕለቱ ከምርመራው ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ቀደም ብሎ ይጠጣል፤ ሌሊት መነሳት ቢሆንም ያ ሁለተኛው ግማሽ እንዳይዘለል። የአይረን እንክብል ከሳምንት በፊት ይቁም። አንጀት የመበሳት አደጋ አለ፣ ከ1,000 ሰው ከአንድ ያነሰ።

ገንዘቡ ብዙ ሰው ያስቀረዋል። ድሮ ኪቷ ነጻ ሆና ቀጥሎ ያለው ኮሎኖስኮፒ ትልቅ ቢል ያመጣ ነበር። ከግንቦት 31 ቀን 2022 በኋላ በጀመሩ የግል ኢንሹራንስ ዓመታት ግን፣ ከጥቂት አሮጌ ፕላኖች በቀር፣ ከፖዘቲቭ በኋላ የሚደረገውም የምርመራው አካል ስለሆነ ያለ ክፍያ ይሸፈናል፤ ለሜዲኬር (ለአረጋውያን የመንግሥት ኢንሹራንስ) ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ እንደ ምርመራው አካል ይቆጠራል፣ ፖሊፕ ከወጣ ግን የተወሰነ ክፍያ ሊኖር ይችላል። ቀጠሮ ስትይዢ «ከፖዘቲቭ የሰገራ ምርመራ በኋላ የሚደረግ ነው» ብለሽ አስመዝግቢ፤ ቢል ከመጣም በዚሁ ቃል ተከራከሪ።

ቀጠሮው ላይ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ያለ ክፍያ ማቅረብ የሆስፒታሉ ግዴታ ነው። አንቺ አብረሽ ሂጂ፣ ማስተርጎሙን ግን ለእነሱ ተዪው። ስለ ሰገራና ስለ ደም በልጃቸው አፍ ሲጠየቁ እናቶች ብዙ ነገር ይደብቃሉ። ስለሚደነዝዙ ወደ ቤት የሚመልሳቸው ሰው የግድ ያስፈልጋል፣ በዕለቱ ሥራ አይገቡም። ኮሎኖስኮፒው ንጹሕ ከሆነ ለአሥር ዓመት ሳጥን አያስፈልግም። ትልቅ ፖሊፕ ከተገኘ ደግሞ የአንቺና የእህትሽ ምርመራም ከ40 ዓመት ጀምሮ ይሆናልና የፓቶሎጂውን (የወጣው ፖሊፕ በላቦራቶሪ የታየበትን) ወረቀት ኮፒ ያዙ።

አሁን ሳጥኗን ከላካችሁ በኋላ ቀን ቁጠሪ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ደብዳቤ ወይም ስልክ ካልመጣ ደህና ነው ብለሽ አትለፊው፤ የእናትሽን ሐኪም ቢሮ ደውለሽ ናሙናው ደርሷል ወይ፣ ተሠርቷል ወይ፣ ውጤቱስ ምንድን ነው ብለሽ ሦስቱንም ለየብቻ ጠይቂ።